አርባ ደረቅ ቀን

ሐሙስ፣ ኤፕሪል 5

...ደግሞም በሠርጋችን ዕለት የሰከረው ወንድሟ እንጂ እኔ አልነበርኩም። ግመሉ ላይ የወጣሁት እሱን ላወርደው ነው። ይህንኑ ላስረዳ አፌን ስከፍት ሚስቴ ነዚሃ ቀደመችኝና ለዳኛዋ «ከግመል ወድቆ፣ ግንባሩን ተሰፍቶ ነው ያገባኝ» አለቻት። የችሎቱ ጸሐፊ ሳቀ። ዳኛዋ አልሳቀችም፤ ጻፈች። የጻፈችውን ለማየት አንገቴን ሰገግ ባደርግ በአክብሮት «ሲ ሃሽሚ፣ ይቀመጡ» አለችኝ።

የመጀመሪያው የማስታረቂያ ቀጠሮ ነበር። ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ ያላቸው ባልና ሚስት ከመፋታታቸው በፊት ሦስት ጊዜ ይቀርባሉ፤ በየመካከሉ ቢያንስ ሠላሳ ቀን። ዳኛዋ ወጣት ናት። ትከሻዋ ላይ ሕፃን ያቀረሸው የወተት ጠብታ ደርቋል። እሱን እያየሁ ጥያቄው አመለጠኝ።

«በትዳር ስንት ዓመት ቆያችሁ?»

«አሥራ ዘጠኝ» አልኩ።

«ሃያ» አለች ነዚሃ።

«ልጃችሁ ስንተኛ ክፍል ናት?»

ይህችን አውቃታለሁ ብዬ ፈጠንኩ። «ዘጠነኛ!»

«አሥራ አንደኛ» አለች ነዚሃ፣ ወደ እኔ ዞር እንኳ ሳትል።

ዳኛዋ ያንንም ጻፈች።

«የፍቺው ምክንያት?»

«ይጠጣል።»

በቃ። ይህን ሁሉ ዓመት በአንዲት ቃል። እኔም ዝም አላልኩም፤ የምጠጣው ቤቱ ስለሚከብደኝ ነው አልኩ። ነዚሃ ቤቱ የከበደው ስለሚጠጣ ነው አለች። ዳኛዋ እስክሪብቶዋን አስቀመጠችና «የትኛው ነው የቀደመው?» ብላ ጠየቀች። «የሷ» አልኩ። «የሱ» አለች። ከስንት ጊዜ በኋላ እኩል አፍ ከፍተን መናገራችን ነው። ዳኛዋ ሰዓቷን አየችና ሠላሳ ቀን አስቡበት አለችን።

ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ በአየር ጠባይ ጣቢያ ሰማይ ስመዘግብ ኖሬ ቤቴን አንድ ቀን መዝግቤ አላውቅም። ከዛሬ ጀምሮ እመዘግባለሁ። ደመናን የምንለካው በስምንተኛ ነው፤ ዜሮ ስምንተኛ ማለት ጥርት ያለ ሰማይ፣ ስምንት ስምንተኛ ማለት ድፍን ያለ። የነዚሃ ፊት ዛሬ፦ ሰባት።

ማታ። ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ወዳለችው መጠጥ ቤት ሄጄ ነበር፤ ለመሰነባበት ብቻ። ረመዳን አርባ ቀን ሲቀረው እንደ ሁልጊዜው ሁላችንም እናቆማለን። ፋርማሲስቱ ቡባክር «መጠጥ ከደም ተጠርጎ የሚወጣው በአርባ ቀን ነው፤ ይሄ ሳይንስ ነው» ይላል። የት እንዳነበበው ስንጠይቀው መድኃኒት ቤቱ የማን እንደሆነ መልሶ ይጠይቀናል።

የዘንድሮው ጭቅጭቅ ስለ ቆጠራው ነው። ረመዳን ሜይ 16 ከገባ ቆጠራው ነገ ዓርብ ይጀምራል፤ በ17 ከገባ ቅዳሜ።

«ሲ ሃሽሚ፣ የሰማዩ ሰው አንተ ነህ፤ ተናገር» አለ ቡባክር።

«ጨረቃ የኔ ክፍል አይደለችም። የኔ ደመና ነው።»

«ጨረቃዋን የሚሸፍናት ምንድን ነው? ደመና አይደል?»

«ነው።»

«እንግዲያው ያገባሃል!»

እስከ ምሽቱ ሦስት ሰዓት ተከራከርን። አንዱ ወንበሩን ጥሎ ተነሣ። በመጨረሻ አስተናጋጁ ጠረጴዛውን እየወለወለ «ነገ ዓርብ አይደል? ዝግ ነን እኮ» አለ። የተጣላነው በዝግ ቀን ላይ ኖሯል። ለእርቁ አንዳንድ ደገምን።

ቅዳሜ፣ ኤፕሪል 7

ቀን አንድ። ራስ ምታት። ዝናብ 0.0። ራስ ምታቱ የነፋስ ይሆናል። ነዚሃ፦ ስድስት። ጥሩ ጅምር።

ሰኞ፣ ኤፕሪል 9

ከሥራ ቀጥታ ቤቴ ገባሁ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ። ነዚሃ በሩን ከፍታ ፊቴን መረመረችና «ምን ሆነሃል? ታመሃል?» አለች።

ሳሎን ተቀመጥኩ። ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም ነበርና ቤቱን በብርሃን አየሁት። ባልና ሚስት ሲቀመጡ የሆነ ነገር መባባል አለባቸው።

«አዲሱ መጋረጃ ያምራል» አልኩ።

«አራት ዓመቱ ነው።»

ትንሽ ቆይቼ ያ አረንጓዴ ሶፋ የት እንደገባ ጠየቅሁ። ልጄ ዩስር ከመጽሐፏ ቀና ብላ «ባባ፣ እሱን እኮ ሸጥነው። አንተ ነህ በደረጃው ያወረድከው» አለችኝ።

ማታ ስተኛ አሰብኩት። ብዙ ነገር አልፎኛል። የሥራዬ ጠባይ ነው። የዩስር ትርፍ አንጀት የፈነዳ ዕለትም ሆስፒታል ያልተገኘሁት ተረኛ ስለነበርኩ ነው፤ ይህን ነዚሃ ሁልጊዜ ታዛባዋለች። ነዚሃ፦ ስድስት ተኩል። ግማሽ በደንቡ አይፈቀድም።

ሐሙስ፣ ኤፕሪል 12

ዛሬ አንድ ነገር ደረስኩበት። ሰባት ደቂቃ ቀድሜ መጣሁና ከደረጃው ላይ ሆኜ ሰማሁ፤ ከኛ ቤት ሳቅ ይመጣል። የሴት ሳቅ፣ ከሆድ የሚወጣ። ፎቅ የተሳሳትኩ መስሎኝ ቁጥሩን አየሁ። የኛ ነው። የምትስቀው ነዚሃ ናት።

ካርታ ይጫወታሉ፣ እናትና ልጅ። ከአሥራ አንድ ሰዓት እስከ ምሽቱ ሦስት፣ ለካ በየቀኑ። አንዷ የተዘረጋውን ካርታ ሁሉ ጠርጋ ስትወስድ ጠረጴዛውን በመዳፏ ደብድባ «ሽኩባ!» ትላለች፤ ሌላዋ «ሌባ! የሌባ ልጅ!» ትላለች። ቁልፌን ከተትኩ። ሳቁ ቆመ፤ ካርታቸውን አስቀመጡ።

«ቀጥሉ፣ ቀጥሉ፤ እኔም እገባለሁ» አልኩ።

ገባሁ። ሕጉን በትክክል እንደማያውቁት አየሁና አስተካከልኳቸው። ነጥብ አያያዛቸውንም። አራት ጊዜ በተከታታይ አሸነፍኩ። ዩስር የቤት ሥራ አለብኝ አለች። ነዚሃ ሽንኩርት አለብኝ አለች። ካርታውን ብቻዬን ሰበሰብኩና በቁጥር ቅደም ተከተል አስቀመጥኩት።

ደስ የሚል ምሽት ነበር። ነዚሃ፦ ስምንት።

እሑድ፣ ኤፕሪል 15

አማቴ ኡሚ መህቡባ መጡ። ጉንጬን በሁለት እጃቸው ይዘው ሊስሙኝ ነው ብዬ ስጠብቅ አፌን አሸተቱ። በግልጽ።

«ወላሂ ንጹሕ ነው! የሕፃን አፍ!» ወደ ልጃቸው ዞሩ። «አንቺ፣ ምን ቀረሽ? ወርቅ ሆነልሽ እኮ! አባትሽ፣ አላህ ይማረውና፣ በአህያ ተጭኖ ነበር የሚመጣው። መንገዱን የምታውቀው አህያዋ ነበረች። እኔ ዳኛ ዘንድ ሄድኩ? ለአህያዋ ገብስ ጨመርኩላት!»

«እማ፣ ተይኝ።»

«ጉዳዩን አንሺ። ሰው ምን ይላል? ሲጠጣ አብራው ኖራ ሲተው ፈታችው ይላል።»

ነዚሃ ድስት ታጥብ ነበር። ያ ድስት ታጥቦ ያለቀ ነበር፤ ሲደርቅም አይቼዋለሁ። አንስታ እንደገና አጠበችው።

እኔ ለአማቴ ሦስተኛ ቁራሽ ኬክ ቆረስኩላቸው።

ማክሰኞ፣ ኤፕሪል 17

እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል። ወደ ሥራ በሚወስደኝ መንገድ፣ የቴምር ደኑ ጠርዝ ላይ ሽማግሌው አም ፈርጃኒ ለግሚ ይሸጣሉ። ሌሊት ከዘንባባው አናት ወደ እንስራ የተንጠባጠበ ውሃ ነው፤ ጠዋት ጠዋት ወተት የመሰለ፣ ማር ማር የሚል። ሕፃን ይጠጣዋል። መጠጥ አይደለም። እናቴ ኩፍኝ ሲይዘኝ የሰጠችኝ እሱን ነው። አንድ ብርጭቆ ጠጣሁ። አንድ ጠርሙስ ያዝኩ።

«እስከ ቀትር ጨርሰው» አሉኝ አም ፈርጃኒ። «ከቀትር በኋላ ሐሳቡን ይለውጣል።»

ሐሙስ፣ ኤፕሪል 19

ለግሚው እስከ ቀትር አላለቀም። መድፋት ግፍ ነው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጠጣሁት። ትንሽ ፈልቶ ምላስ ቆንጠጥ ያደርጋል። ሐሳቡን የለወጠው እሱ ነው፤ እኔ አልለወጥኩም።

ነዚሃ ዛሬ አምስት። ምናልባትም አራት። ቤቱ ደስ ይላል። መጋረጃው በእውነት ያምራል።

ሁለት ጠርሙስ ከነገ ጀምሮ። ሙቀቱ ጨምሯል።

እሑድ፣ ኤፕሪል 22

ሠንጠረዥ ሠራሁ። በአንድ በኩል መጠጥ፣ በሌላው በኩል ጠብ። ድሮውን ከትዝታ፣ የአሁኑን ከዚህ ደብተር። ለዳኛዋ ጥያቄ መልስ ፍለጋ ነው። የአየር ግፊት ሲወርድ ዝናብ ይመጣል፤ ዝናብ መጥቶ ግፊት አወረደ የሚል የለም። ይህን የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ያውቀዋል። የኛም ቤት እንደዚሁ አንዱ አንዱን ማምጣት አለበት።

ውጤት፦ በምጠጣበት ሳምንት አራት ጠብ። በማልጠጣበት ሳምንት አራት ጠብ። ድምፁ ብቻ ቀንሷል። ሁለት ጊዜ ቆጠርኩት። ወረቀቱን ቀደድኩት። ከዚያ በፕላስተር አጣበቅሁት፤ መረጃ አይጣልም።

እዚያው ጣቢያ ሳለሁ የድሮ የተረኞች መዝገብ ገለበጥኩ። የዩስር ትርፍ አንጀት የፈነዳ ዕለት ተረኛው የሥራ ባልደረባዬ ለዝሃር ነበር ይላል። ለዝሃር መዝገብ ማሳሳት ልማዱ ነው።

ሐሙስ፣ ኤፕሪል 26

ጉድ ፈላ። በጥድፊያ እጽፋለሁ።

ለግሚ ጥላ ይፈልጋል። በጣቢያው ግቢ ደህና ጥላ ያለው ቴርሞሜትሮቹ የሚቀመጡበት ነጭ የእንጨት ሳጥን ውስጥ ነው። ሁለቱን ጠርሙሶች እዚያ አስቀመጥኩ፤ ከሳምንት ጀምሮ። ስምንት ሰዓት ላይ ተኩስ ሰማሁ። ሮጥኩ። አንደኛው ፈንድቷል። የዕለቱን ከፍተኛ ሙቀት የሚይዘው ቴርሞሜትር ሁለት ቦታ ተሰብሯል። ሜርኩሪው ወለሉ ላይ ይንከባለላል። ለግሚው ከሳጥኑ ሥር እንደ ላም ጡት ይንጠባጠባል። ንብ መጣ። ብዙ ንብ።

ከዋናው መሥሪያ ቤት ተደወለ።

«ሲ ሃሽሚ፣ የዛሬው ከፍተኛ ሙቀት የታለ?»

«ቴርሞሜትሩ ተሰብሯል።»

«በምን?»

«በነፋስ።»

«በላክህልኝ መዝገብ ነፋሱ ቅጠል አያንቀሳቅስም።»

«ድንገተኛ ነፋስ ነው።»

ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ለረመዳን ስንት ቀን ቀረን?» አለ።

«ሃያ አንድ።»

«አላህ ያግዘን» ብሎ ዘጋው።

ማታ። ቤት ስገባ አንድ ንብ ከቦርሳዬ ወጣና ሳሎኑን ዞረ። ነዚሃ ንቡን አየች፤ ቦርሳዬን አየች።

«ምን ይሸታል?»

«ሥራ።»

የከንፈሯ ጫፍ ተንቀሳቀሰ። ሦስት! ወላሂ ሦስት ስምንተኛ ነበር፤ ልትስቅ ነበር። እኔም ልስቅ ተዘጋጅቼ ነበር። ከዚያ ተወችው፤ መስኮቱን ከፍታ ንቡን በፎጣ ሸኘችው። እዚያው መስኮቱ ላይ ብዙ ቆየች።

ማክሰኞ፣ ሜይ 1

የሠራተኞች በዓል። ወደ ባሕሩ ወጣን። ሳንድዊች፣ ብርቱካን። ሰማይ ሁለት። ነዚሃ ስድስት። ስለ ባሕር ነፋስ አመጣጥ ማብራሪያ ሰጠኋቸው፤ በጸጥታ አዳመጡኝ።

ዩስር ራቅ ብላ በስልክ ስታወራ ነፋሱ ድምፅዋን ወደ እኔ አመጣው። «ሲጠጣ ይሻል ነበር» ትላለች። «ቢያንስ እስከ ሦስት ሰዓት አይመጣም ነበር። አሁን ግን አለ። ሁልጊዜ አለ።»

የአንዷ ጓደኛዋ አባት መሆን አለበት። ምስኪን ሰውዬ።

እሑድ፣ ሜይ 6

ነገ ሁለተኛው ቀጠሮ። ነዚሃ ሸሚዜን ተኩሳ በር ላይ ሰቀለችልኝ። ሊፈቱት የተነሡትን ሰው ሸሚዝ ማን ይተኩሳል? ይህን በጎ ምልክት አድርጌ መዝግቤያለሁ። ነገር ግን አንገትጌው ላይ ሁለት ጊዜ ተመላልሳበታለች፤ ለቀብር እንደሚተኮስ።

ሰኞ፣ ሜይ 7

ሁሉንም ልጻፈው፤ እንዳይጠፋብኝ።

ዳኛዋ ዛሬ ከንፈሯን ቀብታለች፤ ትከሻዋ ንጹሕ ነው። ሕፃኑ እንቅልፍ ጀምሮ ይሆናል። ፋይሉን ገለጠች።

«ሲ ሃሽሚ፣ መጠጡ እንዴት ሆነ?»

«ሠላሳ አንድ ቀን!» አልኩ። ድምፄ ክፍሉ ውስጥ አስተጋባ። ጸሐፊው ከወረቀቱ ቀና አለ።

«ወይዘሮ ነዚሃ፣ እውነት ነው?»

ነዚሃ ወደ እኔ ዞረች። ለረጅም ጊዜ አየችኝ። ቦርሳዬ እግሬ ሥር ነበር፤ በውስጡ ጠርሙስ፣ ጠዋት የገዛሁት። ሰዓቱ ገና ረፋድ ስለሆነ ንጹሕ ለግሚ ነው፤ ይህን አጥባቂዎችም አይክዱትም። ግን አፏን ስትከፍት እግሬ በራሱ ቦርሳውን ወደ ወንበሩ ሥር ገፋው።

«እውነት ነው» አለች። «ትቷል።»

«አልሃምዱሊላህ! እንግዲያው ጉዳዩን ያነሳሉ?»

«አላነሳም። ያን ቃል ግን ይሰርዙልኝ። ይጠጣል የሚለውን።»

«በሱ ምትክ ምን ልጻፍ?»

«ምንም።»

«ያለ ምክንያት?»

«ያለ ምክንያት።»

ዳኛዋ ያለ ምክንያት መፋታትም በሕግ እንዳለ፣ ግን ካሳ ስለሚያስከፍል ለሚፈታው ወገን ከባዱ መንገድ እሱ እንደሆነ አስረዳቻት። ነዚሃ እንደ ጥሩ ተማሪ ራሷን እየነቀነቀች ሰማች። «አውቃለሁ» አለች፤ «ጠይቄያለሁ።» ዳኛዋ በአንድ መስመር ሰረዘችው። ሲሰረዝ ድምፅ ነበረው። ሦስተኛው ቀጠሮ ጁን 7።

ምክንያት የላትም! በራሷ አፍ፣ ዳኛ ፊት! ከፍርድ ቤቱ ደረጃ ሆኜ ለቡባክር ደወልኩለት።

«አሸነፍክ!» አለኝ። ከዚያ «ሃሽሚ... ግን እኮ...» ብሎ ደንበኛ መጣብኝ አለና ዘጋው።

ነዚሃን መዝገብ ላይ ላሰፍር ፈልጌ ፊቷን ላስታውሰው አልቻልኩም። ባዶ ትቼዋለሁ።

ሐሙስ፣ ሜይ 10

ኡሚ መህቡባ ደረጃውን ሲወጡ ከሁለተኛው ፎቅ ጀምሮ ይሰማ ነበር።

«ያለ ምክንያት? ሰው ያለ ምክንያት ጥርሱን እንኳ አይነቅልም! ባል ትነቅያለሽ?»

«እማ፣ ተቀመጪ፤ ትንፋሽሽ።»

«ትንፋሼን ተይው! ይመታሻል?»

«አይመታኝም።»

«ውጭ ያድራል?»

«አያድርም።»

«ይጠጣል?»

ነዚሃ ወደ እኔ አየች። እኔ ወደ መጋረጃው አየሁ።

«አይጠጣም» አለች።

«ታዲያ ምን አለሽ፣ አንቺ ሴት?»

«እማ፣ አንቺ ምክንያት ነበረሽ፤ ከነአህያው። ምን አደረገልሽ?»

ኡሚ መህቡባ ቁጭ አሉ። ኬክ ባቀርብላቸው ሳህኑን ገፋ አደረጉት። ከዚያ የልጃቸውን እጅ ያዙ፤ ሳሙና ነበረበት። እንደዚያው ያዙት።

አም ፈርጃኒ ዛሬ ሦስት ጠርሙስ ስጠይቃቸው «እንግዳ አለብህ?» አሉኝ። አዎ አልኩ።

እሑድ፣ ሜይ 13

ከሰዓት በኋላ ነዚሃ ድንች ስትልጥ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ዩስር አልነበረችም።

«ለግሚውን ታውቂ ነበር?»

«አንተ ሰውዬ፣ ንብ ጭነህ ገብተህ ታውቂ ነበር ትለኛለህ?»

«ለግሚ እኮ መጠጥ አይደለም።»

«እሺ።»

«ጠዋት ከሆነ...»

«እሺ አልኩህ።»

«ታዲያ ለዳኛዋ ለምን ትቷል አልሻት?»

ልጣጩ ሳይቆረጥ እስከ ጉልበቷ ወርዷል። በጣም ወፍራም አድርጋ ነው የምትልጠው፤ ድንች ታባክናለች፤ ግን አልተናገርኩም። ይህን ለራሴ እመሰክራለሁ፤ አልተናገርኩም።

«ይጠጣል ካልኳት ትተዋለህ» አለች። «አንተ መተው እኮ ትችልበታለህ። በየዓመቱ ትተዋለህ፤ አርባው ከነረመዳኑ ሰባ ቀን። ከዚያ እናቴም፣ ዳኛዋም፣ ሰፈሩም ይኸው ተወልሽ ይሉኛል። እኔም እመለሳለሁ። ሃያ ዓመት እንደዚያ ስመለስ ነው የኖርኩት።»

ይህን ሙገሳ አድርጌ ወሰድኩት። መተው እንደምችል ካመነች ትልቅ ነገር ነው።

«ስትጠጣ፣ የጎደለውን ሁሉ በመጠጡ አሳብብ ነበር» አለች። «አንድ ቀን ሲተው ቁጭ ብለን እናወራለን እል ነበር። ይኸው ተውክ። ቁጭ አልን። ምን አወራን? የመጋረጃ ዕድሜ።»

«ካርታም ተጫውተናል።»

«አዎ። አሸነፍከን።»

ድንቹን ውሃ ውስጥ ጣለችው።

አሁን ብቻዬን ነኝ። ለዝሃር መዝገብ አያሳስትም። ተረኛ አልነበርኩም። ዩስር ሆስፒታል የገባች ዕለት መጠጥ ቤት ነበርኩ፤ ስልኩ ጮኸ፤ አስተናጋጁ አንስቶ በመዳፉ ሸፈነና ወደ እኔ አየ፤ የለም በል ብዬ እጄን አወዛወዝኩለት። ነዚሃ መሆኗን አውቄ ነበር። የደወለችው ለድንች መስሎኝ ነበር። ይህን እስከ ዛሬ የትም አልመዘገብኩትም።

ማክሰኞ፣ ሜይ 15

የጨረቃዋ ምሽት። እንደ ባለሙያ ጠርተውኝ ከሽማግሌዎቹ ጋር ጣሪያ ላይ ወጣሁ፤ ባለሁለት ዓይኑን የጣቢያውን መነጽር ይዤ። በምዕራብ አቧራ፣ ከሥሩ ስስ ደመና። አንዱ ሽማግሌ አየኋት ብለው ጮኹ፤ የፋብሪካ መብራት ሆነች። አልታየችም። ረመዳን በ17 ነው።

ቡባክር ወዲያው ደወለ። «እኔ ዓርብ ነው መቁጠር የጀመርኩት! አንድ ቀን ትርፍ አለኝ! ልጠጣው ወይስ ለከርሞ ይተላለፍልኛል?»

«ጨረቃ የኔ ክፍል አይደለችም» አልኩት። አልሳቅሁም። ምን ሆነሃል አለኝ።

ቤት ስገባ ነዚሃ መደርደሪያ እያጸዳች ነበር። ሳላስበው ከአፌ ወጣ፦ «ያን ዕለት ተረኛ አልነበርኩም። የዩስር ዕለት።»

«አውቃለሁ።»

«እንዴት?»

«አስተናጋጁ ነገረኝ። 'እመቤቴ፣ የለም በል ብሎ እጁን እያወዛወዘልኝ ነው' አለኝ።» ጨርቁን ጨመቀችው። «ደግ ልጅ ነበር። ስለ ዩስር ጠየቀኝ።»

ዘጠኝ ዓመት ይህን ይዛ ከኔ ጋር እራት በልታለች። ለዳኛዋ አልነገረቻትም። ምክንያት የለኝም አለች።

ረቡዕ፣ ሜይ 16

ጠዋት። ነዚሃና ዩስር ረመዳንን ኡሚ መህቡባ ዘንድ ሊያሳልፉ ነው። ለማገዝ ነው፤ አሮጊቷ ብቻቸውን ናቸው። ለቡባክርም እንደዚያ ነው የነገርኩት።

ሻንጣው ውስጥ የክረምት ካፖርቶች አየሁ። የአሮጊቷ ቤት ቀዝቃዛ ነው ለካ።

ለግሚ አልገዛሁም። አም ፈርጃኒ ከሩቅ እጃቸውን አነሡልኝ፤ እኔም አነሣሁላቸው። ሳልቆም አለፍኩ። ይህን ለማንም ለመንገር አልነበረም፤ ለማንም አልነገርኩም።

ከሰዓት በኋላ። ታክሲ መጣ። ትልቁን ሻንጣ እኔው አወረድኩት፤ ሦስት ፎቅ፣ በየደረጃው እያረፍኩ። ሹፌሩ «ሐጅ ነው ወይስ ስደት?» አለኝ። «ረመዳን ነው» አልኩት። የኋላ ክዳኑ አልዘጋ ብሎት በገመድ አሰረው፤ ቋጠሮውን አስተካከልኩለት። ዩስር አቀፈችኝ። አፌን አሸተተች፤ በስውር፣ እንደ አያቷ ሳይሆን። ከዚያ ጠበቅ አድርጋ አቀፈችኝና ወደ መኪናው ገባች።

ተመልሼ ፎቅ ወጥቼ ጠረጴዛው ጋ ተቀመጥኩ። ይህን እየጻፍኩ ነው። ነዚሃ ለመጨረሻው ቦርሳ ተመልሳ መጥታለች፤ መኝታ ቤት ውስጥ መሳቢያ ሲከፈትና ሲዘጋ እሰማለሁ። አሁን ኮሪደሩ ላይ ናት።

«እራት ማቀዝቀዣው ውስጥ ነው» አለች።

«ለስንት ቀን?»

«እራቱ?»

«እራቱ።»

«ለሦስት።»

ትመለሻለሽ ልላት ነበር። «ቁልፍ ይዘሻል?» አልኳት።

«ጠረጴዛው ላይ ነው።»

አየሁ። ክርኔ ሥር ነው፤ ስጽፍ እየነካካሁት ነበር፤ ቀዝቃዛ ነገር የተሰማኝ እሱ ነው።

«ምን ትጽፋለህ?» አለች።

«የዛሬውን።»

«ጻፈው» አለች። ትንሽ ቆመች፤ ቦርሳውን ከአንድ ትከሻ ወደ ሌላው ስታዞር ሰማሁ። «በል ደህና ሁን፣ አንተ ሰውዬ።»

በሩ ተዘጋ።